ከፎቶው ጀርባ ያለችው ከተማ

በቼኮዝሎቫኪያ የተማሩ ኢትዮጵያውያንና ልጆቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ባደረጉት የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ላላችሁት ይሰማል? ጥሩ።

ከመጀመሬ በፊት ይህ ፎቶ እጅ በእጅ ይዙርልኝ። አደራ፣ ይመለስ፤ ያለኝ ይኸው አንዱ ነው። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ግንቦት 1985» ተብሎ ተጽፏል። የፈረንጆቹ ዓመት ነው። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ልጆች ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

ፎቶው ላይ አሥራ አንድ ሆነን ቆመናል። ከግራ ሦስተኛው፣ ያ ጎፈሬው ከትከሻው የሚሰፋው ቀጭን ልጅ፣ እኔ ነኝ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ከጎኔ የመናዊ፣ አንጎላዊ፣ ሁለት ቬትናማውያን አሉ። ሁላችንም አንዳንድ ቀይ አበባ ይዘናል። ከኋላችን የመቃብር ረድፍ ይታያል። ከመቃብሩ አልፎ ከዛፎቹ በላይ ደግሞ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ማማ ጫፉ ብቅ ብሏል። እሱን እዩልኝ። ፎቶ አንሺው ሊያነሳው አስቦ አይደለም፤ እኛም ዞር ብለን አላየነውም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ማማና ከሥሩ ስላለችው ከተማ ላወራ ነው።

በ1984 ጥቅምት ላይ ነው ከዚህ የሄድኩት። እንደ ብዙዎቻችሁ ቼክኛ የጀመርኩት ፖዴብራዲ ነው፤ የልብ ሕሙማን የማዕድን ውኃ ሊጠጡ የሚመጡባት፣ ላቤ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ጸጥተኛ ከተማ። በሰባተኛው ወር፣ ጦርነቱ ያበቃበት 40ኛ ዓመት ሲከበር፣ አውቶቡስ ተመድቦልን ቴሬዚን ወደሚባል ቦታ ተወሰድን። ከፕራግ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቴሬዚን ሁለት ምሽግ ነው፤ ትንሹና ትልቁ። እኛ ትንሹ ምሽግ ገባን። ከ1940 ጀምሮ የጌስታፖ፣ የናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ፣ እስር ቤት ነበር። 32 ሺህ ያህል እስረኛ አልፎበታል፤ 2,600 ገደማው እዚያው ሞቷል። አስጎብኚው የሚረሸኑበትን ቦታ አሳየን፣ ጨለማ ክፍሎቹን አሳየን። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ ገድሎ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት የለኮሰው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የታሰረበትንም ክፍል አየን። በ1918 ሚያዝያ በቲቢ ታሞ እዚያው ቴሬዚን ሞቷል። በጣም ገርሞን ነበር። ከዚያ አበባ አስቀመጥን፣ ስለ ሰላም ንግግር ሰማን፣ ቋሊማ በሰናፍጭ በላን፣ ተመለስን።

አውቶቡሱ ወደ ከተማው አልገባም። በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ኦህርዤ የሚሉትን ወንዝ መሻገር ነው።

ወንዙ ማዶ ያለው ትልቁ ምሽግ ራሱ ከተማ ነው። የሐብስበርጉ ንጉሥ ዮሴፍ ዳግማዊ በ1780 አስጀምሮ በእናቱ በማሪያ ቴሬዛ ስም የሰየመው ነው። በግንብና በጉድባ የተከበበ የጦር ሰፈር ነው፤ ከላይ ቢያዩት ኮከብ ይመስላል። ከ1941 ኅዳር እስከ 1945 ግንቦት ድረስ ያ ከተማ በሙሉ፣ ከነጎዳናው ከነትምህርት ቤቱ፣ የአይሁድ ጌቶ፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጉረው የያዙበት ሰፈር፣ ነበር። ነዋሪው በ1942 ለቆ እንዲወጣ ተደረገ፤ አጥሩ አስቀድሞ ተሠርቶ የጠበቀ ነውና እስር ቤት ለማድረግ ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ከ140 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ከነዚህ 33 ሺህ ያህሉ እዚያው በረሃብና በበሽታ አለቀ። 87 ሺህ ያህሉ በባቡር ወደ ምሥራቅ፣ ይበልጡን አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚ መግደያ ካምፕ፣ ተላከ፤ ከተላኩት የተመለሰው 4 ሺህ አይሞላም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳልሰማ፣ አበባ ይዤ፣ ሩብ ሰዓት ርቄ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ አገሬ ገባሁ። «ቴሬዚንን አውቀዋለሁ፣ ሄጄበታለሁ» እያልኩ ስንት ዓመት አወራሁ መሰላችሁ?

ለፍርድ እንዳልቸኩል፣ በዚያ ዘመን ስለ ጌቶው ጨርሶ አልተነገረም አልልም። የአይሁድ መቃብሩና የአስከሬን ማቃጠያው ለሚፈልግ ክፍት ነበር። ግን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መኖሩን ማወቅ አለበት። ለኛ የተነገረን «የፋሺዝም ሰለባዎች» ተብሎ ነው፤ ሰለባዎቹ ኮሚኒስቶችና አርበኞች ነበሩ። በጌቶው ዘመን ወንዶች ልጆች ይኖሩበት የነበረው የቀድሞ ትምህርት ቤት፣ እኔ በሄድኩበት ጊዜ የፖሊስ ሙዚየም ተደርጎ ነበር። የጌቶው ሙዚየም የሆነው በ1991 ነው፤ የኮሚኒስቱ ሥርዓት በወደቀ በሁለተኛው ዓመት።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ልጄን ልጠይቅ አውሮፓ ሄጄ ነበር። ፕራግ ከሆለሾቪትሴ ጣቢያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚህኛው ጉዞ ከተማው መሃል ወረድኩ።

ቴሬዚን ጸጥ ያለ ነው ብላችሁ አታምኑኝም፤ ጸጥታው ግን የገጠር ጸጥታ አይደለም። ዛሬ ነዋሪው 3 ሺህ ያህል ነው። ወታደሩ በ1996 ለቆ ወጥቷል፤ ከተማው የተሠራው ለወታደር ስለሆነ እሱ ሲሄድ ሆዱ የተቦደሰ ያህል ሆነ። አንድ ሰፈር የሚያክል የጦር ካምፕ፣ በርካታ መስኮት፣ መጋረጃ የለ፣ ሰው የለ። ኖራው ተልጦ ጡቡ ይታያል። በ2002 ነሐሴ ደግሞ ጎርፍ ገብቶበታል። ጎዳናዎቹ እንደ ገበጣ ሰሌዳ ቀጥ ቀጥ ብለው የተሰመሩ ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ሌላኛው ጫፍ ያለውን ግንብ ታያላችሁ። መሃሉ ላይ ሰፊ አደባባይ አለ፤ ሣርና ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር። አንዲት እናት ጋሪ እየገፋች አለፈች። አንድ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ያ ማማ እዚያ ነው፣ አደባባዩ ዳር።

አሁን ቁጥሩን ከቦታው ጋር አስቡት። ከጦርነቱ በፊት ወታደሩም ሲቪሉም ተደምሮ የሚኖረው 7 ሺህ ያህል ሰው ነው። በ1942 መስከረም ከ58 ሺህ በላይ ነበር። ለአንድ ሰው በተሠራ ቦታ ስምንት ሰው ማለት ነው። አዳዲስ የመጡት፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ፣ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ ተጣሉ፤ ብርሃን የለ፣ ውኃ የለ፣ መጸዳጃው ታች ነው፤ ደረጃውን የሚወርድ ጉልበት ደግሞ የለም። በዚያ በአንድ ወር ብቻ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ።

ስለነዚህ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ከጀርመን የመጡ አረጋውያን ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ውል ፈርመዋል። ዕድሜ ልክ ማደሪያ፣ ምግብና ሕክምና የሚያገኙበት የጡረተኞች መኖሪያ ነው ተብለው ያላቸውን ገንዘብ አስረክበዋል። የጠበል አገር ነው የተባሉም አሉ። ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ከባቡር ወረዱ፤ አንዳንዶቹ ክፍላችን በስንተኛው ፎቅ ነው ብለው ጠየቁ። ፖዴብራዲን የምታውቁ ወንበሩን፣ አበባውን፣ የውኃ መጠጫውን ኩባያ አስቡ፤ እነሱም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከኩሽናው በር ላይ የድንች ልጣጭ ይለምኑ ነበር። የሚሠራ ሰው የበለጠ ራሽን እንዲያገኝ ተብሎ የሽማግሌዎቹ ቀንሶ ነበርና።

ባቡሩ መጀመሪያ ይቆም የነበረው ቦሁሾቪትሴ በምትባል ጣቢያ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከነጓዛቸው በእግር ይመጣሉ። በኋላ እስረኞቹ ራሳቸው ሐዲዱን እስከ ከተማው ዘረጉት፤ በ1943 ሰኔ አለቀ። የሐዲዱ ቁራጭ ዛሬም መንገዱ ዳር አለ። በእግሬ ነካ አደረግኩት። ሣር በቅሎበታል፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ስንት ሰው ይሂድ የሚሉት ጀርመኖቹ ናቸው፤ ማን ይሂድ የሚለውን ዝርዝር እንዲያወጣ የተገደደው ግን የእስረኞቹ የራሳቸው ምክር ቤት ነው። እስረኞቹ ጉዞውን «ትራንስፖርት» ነበር የሚሉት። ቃሉ ለኛ ታክሲና ጭነት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስሰማው ጆሮዬን ይቆረቁረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከኔ በፊት እየመሩ በደንብ ያስጎበኙት ሌላ እንግዳ ነበር።

በ1943 መጨረሻ ከዴንማርክ የተጋዙ አይሁዶች እዚህ ገቡ። የዴንማርክ መንግሥት ዜጎቼን ልይ ብሎ ወተወተ፤ ናዚዎቹም እሺ አሉ፣ ግን ጊዜ ስጡን አሉ። ከተማውን «ማስዋብ» ጀመሩ፤ ቃሉ የነሱ ነው። እንግዶቹ የሚያልፉበት መንገድ አስቀድሞ ተወሰነ፤ በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች ተቀቡ። እስረኛ እንዳይረግጠው ታጥሮ የነበረው ይህ አደባባይ ተከፈተ፣ ጽጌረዳ ተተከለበት፣ ለሙዚቀኞች መድረክ ተሠራ። በሚታዩት ክፍሎች ውስጥ ሦስት ፎቅ የነበረው አልጋ ሦስተኛው ተነሣ። ቡና ቤት ነበር፣ ባንክ ነበር፣ የሙሴ ምስል ያለበት የገንዘብ ኖት ነበር፤ የሚገዛበት ነገር ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆችን ማስተማር ክልክል ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤት ላይ «ትምህርት ቤት» ብለው ጻፉና «በዕረፍት ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ለጠፉበት። የተረፉት እንደሚመሰክሩት፣ ልጆች ኮማንዳንቱን ራምን «አጎቴ ራም፣ ዛሬም ሰርዲን ነው?» እንዲሉት ተለማምደው ነበር። መጨናነቁስ? እሱ ቀላል ነው። በግንቦት ወር በሦስት ባቡር 7,503 ሰው ወደ አውሽቪትዝ ተላከ።

እንግዶቹ በ1944 ሰኔ 23 መጡ፤ ሁለት ዴንማርካውያንና ሞሪስ ሮሰል የሚባል ወጣት ስዊዛዊ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ። የእስረኞቹ ምክር ቤት የመጀመሪያ መሪ፣ «የአይሁድ ሽማግሌ» የሚሉት፣ ያኮብ ኤደልስታይን ከሦስት ቀን በፊት አውሽቪትዝ ላይ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ተገድሎ ነበር። እንግዶቹን ያዞረው የሱ ተተኪ ፓውል ኤፕሽታይን ነው፤ የናዚው ኤስኤስ ጦር ሰዎች አጠገቡ ሆነው የሚናገረውን ይሰማሉ። ሮሰል ፎቶ አነሣ። ልጆች ቆመው፣ ፀሐይ ላይ፣ ጥሩ ልብስ ለብሰው። ሪፖርቱን ጻፈ፤ ሰዎቹ ደህና ይመስላሉ፣ ካምፑ የመጨረሻ ማረፊያ ነው፣ ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ሰው በተለምዶ የለም አለ። በሦስት ወሩ ኤፕሽታይን ትንሹ ምሽግ ውስጥ ተረሸነ፤ እኔ አበባ ባስቀመጥኩበት አካባቢ ማለት ነው። በማግስቱ ትራንስፖርቱ ቀጠለ፤ በአንድ ወር ውስጥ በ11 ባቡር ከ18 ሺህ በላይ ሰው ሄደ። ሮሰል ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ፣ ያንን ሪፖርት ዛሬም ቢሆን እፈርመዋለሁ ብሏል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ቀይ መስቀል ሲባል እኛም የምናስታውሰው አለን። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሱ ልዑካን እዚህ ነበሩ፤ የመርዝ ጋዝ ያቃጠለውን ሰው በዓይናቸው አይተዋል። ጄኔቫ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ግን ማስረጃውን ለመንግሥታት ማኅበር ከመስጠት ተቆጠበ፤ ገለልተኛ ነኝ ብሎ። ሮሰል ብቻውን የሳተ ሰው አይደለም፤ እንዳያይ የሚያስተምር ልማድ ከጀርባው ነበር።

አዲስ አበባም ቢሆን ለእንግዳ መኳልን ታውቃለች። እኔ ከመሄዴ አንድ ወር በፊት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ በሰፈራችን መንገድ ዳር ያሉ የጭቃ ቤቶች በቆርቆሮ አጥር ተጋርደው ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ውስጥ እኔም ነበርኩ፤ ቀበሌው ወጣቱን ጠርቶ ነው። እናቴ ቤታችን ከመንገዱ እንዳይታይ መሸፈኑ ደስ አላላትም፤ «ምን አስነወርናችሁ?» አለች። በዚያው ሰሞን ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ቴሬዚንን ከኛ አጥር ጋር ማወዳደር የማይገባ መሆኑን አላጣሁትም። ግን አደባባዩ ላይ ወንበር ስቀመጥ አፍንጫዬ ላይ የመጣው የዚያ የቆርቆሮ ቀለም ሽታ ነው፤ ምን ላድርግ?

የቀድሞው ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ሥዕል አለ። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ፣ እስረኛ ሆና፣ ባገኘችው ወረቀት ላይ ልጆቹን ሥዕል ታስተምር ነበር። በ1944 ጥቅምት ወደ አውሽቪትዝ ከመሄዷ በፊት ከ4 ሺህ በሚበልጡ ሥዕሎች የሞሉ ሁለት ሻንጣዎች ተደብቀው ቀሩ። ልጆቹን ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርጋቸው ነበር፤ በቁጥር ከሚጠሩበት ቦታ። እኔ ፊት ለፊቱ ብዙ የቆምኩበት ሥዕል ቤት ነው፤ ጭስ የሚወጣው፣ በሩ ላይ እጀታ ያለው። እጀታውን በጥንቃቄ ነው የሣለው። የሣለው የራሱ ቤት በር ያልቀረለት ልጅ ነው። እኔ ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ አንድ ግቢ መሩኝ። በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ጓሮ፣ ዝቅ ያለች ክፍል ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ሆና ብዙ ዓመት ኖራለች። እስረኞች በድብቅ የሚጸልዩባት ምኩራብ ነበረች። ጣሪያዋ ላይ ኮከብ ተሥሏል። ግድግዳው ርጥበት በልቶታል፤ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ግን ይነበባል። አስጎብኚዋ ወደ ቼክኛ መለሰችልኝ፣ እኔም በልቤ ወደ አማርኛ፤ «ይህም ሁሉ ሆኖ ስምህን አልረሳንም፤ እባክህ አንተም አትርሳን»። ዳዊት እየደገመ ያደገ ሰው ጆሮው ያውቀዋል። ኮፍያዬን አውልቄ ነበር የገባሁት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ «እዚህ ግን ይለበሳል» አለችኝ። መልሼ አደረግኩ።

አመዱን ሳልነግራችሁ ወንዙን መሻገር አልችልም። የሞቱት ሲቃጠሉ አመዳቸው በካርቶን ሣጥን፣ ስም ተጽፎበት፣ ከግንቡ ውስጥ ባለ ክፍል ይደረደር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በክብር ይቀበራል ተብለዋል። በ1944 ኅዳር፣ ጦርነቱ እየከፋባቸው ሲመጣ፣ ናዚዎቹ ማስረጃውን ለማጥፋት የ22 ሺህ ሰው አመድ ኦህርዤ ወንዝ ውስጥ እንዲጣል አዘዙ። እስረኞቹ፣ ልጆችም ጭምር፣ በሰልፍ ቆመው ሣጥኖቹን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሉ። አያቱ ወይም አባቱ ስም ያለበት ሣጥን በእጁ ያለፈ ልጅ ነበር። ቦታው ላይ ሐውልት አለ። ውኃው ጠባብ ነው፣ ቀስ ይላል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ከላቤ ይገናኛል። በፖዴብራዲ በኩል የሚመጣው ላቤ ነው።

አውቶቡሴ ሊመጣ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ርቦኝ አደባባዩ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ሮህሊክ፣ የነሱን ትንሽ ዳቦ፣ ከአይብ ጋር ጠየቅኩ፤ ቼክኛዬ ዝጎ ነበር፣ ባለሱቋ ግን ደስ አላት። ሃምሳ የሚሆናት ሴት ናት። ከየት ነህ አለችኝ፣ ነገርኳት። እዚህ መኖር እንዴት ነው አልኳት። «ቤት ርካሽ ነው፤ ክረምቱን ግን ማሞቅ አይቻልም፣ ግድግዳው አንድ ሜትር ይወፍራል» አለች። ቱሪስቱ ከትንሹ ምሽግ አልፎ ብዙም አይመጣም፣ ቢመጣም ምሳ አይበላም፤ እዚህ መብላት የሚያፍር ይመስለኛል አለች። የሮህሊኬን ከረጢት አየሁ።

በ1985 ግንቦት እንደመጣሁ ነገርኳት። አሰበች። «ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ለበዓሉ ከትምህርት ቤት አውጥተው ወደ መቃብሩ ወስደውን ነበር፤ የውጭ አገር እንግዶች ሲመጡ ባንዲራ እናውለበልብ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አለማመዱን» አለች።

ስለዚህኛው ከተማ በትምህርት ቤት ምን ይነግሯችሁ ነበር አልኳት።

«ንጉሡ ለእናቱ ብሎ ሠራው» አለችኝ። የገንዘቤን መልስ ቆጥራ ሰጠችኝ። ከዚያ ጎፈሬ የነበረበትን ራሴን፣ አሁን የቀረውን፣ አየችና፤ «ጥቁሮቹን ተማሪዎች አስታውሳለሁ፤ አንደኛው መልሶ አውለበለበልን» አለች።

እኔ ልሁን አልሁን አላስታውስም። ፎቶው የት ደረሰ?